ጥቁር ሰኞ

«ቲቸር፣ አሜሪካ ውስጥም ድሃ አለ እንዴ?» አንድ ተማሪዬ ሲጠይቀኝ ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። እኔ ግን የያንግስታውንን ታሪክ ነገርኳቸው። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ያንግስታውን ኦሃዮ ውስጥ ያለች የብረት ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1930 ነዋሪዋ 170 ሺህ ደርሶ ነበር። አባት ፋብሪካ ይሠራል፣ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ይከተለዋል፤ በዚያ ደሞዝ ቤት ይገዛል፣ ልጆች ያሳድጋል። ዲግሪ አለህ ወይ ያለው የለም።

እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1977 (በእኛ መስከረም 9 ቀን 1970)፣ ሰኞ ዕለት፣ ያንግስታውን ሺት ኤንድ ቲዩብ የተባለው ኩባንያ ትልቁን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። 5 ሺህ ያህል ሰው ከሥራ ሊወጣ ነው! ባለቤቱ ድርጅት ደግሞ መቀመጫው ሩቅ፣ ኒው ኦርሊንስ ነበር።

ብዙ የማይወራው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሰዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የሃይማኖት አባቶችና ሠራተኞች ተሰባስበው «ፋብሪካውን እኛው እንግዛው» አሉ። ሕዝቡም ለዚሁ ብሎ ባንክ ሄዶ የቁጠባ ሂሳብ ከፈተ። እንደ እቁብ በሉት፤ ግን የብረት ፋብሪካ በእቁብ አይገዛም፣ የመንግሥት የብድር ዋስትና ያስፈልጋል። የካርተር መንግሥት በ1979 እምቢ አለ። በዚያው ዓመት ዩ ኤስ ስቲልም የራሱን ፋብሪካዎች እንደሚዘጋ አሳወቀ።

ዛሬ ነዋሪዋ 60 ሺህ ገደማ ነው፤ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ድሃ ነው።

«ታዲያ ሌላ ሥራ ለምን አልፈለጉም?» አለኝ ያው ልጅ። ፈልገዋል እንጂ! በ1997 የግል እስር ቤት ሲከፈት እንኳ ከተማዋ ሥራ ያመጣል ብላ በደስታ ነው የተቀበለችው።