ሙቀትና መሳብ፤ ከጅማት ሕክምና እስከ ብልት ማስረዘም

ከያቤሎ ተነሥቶ ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ በሜጋ ያልፋል። በዚህ የቦረና ምድር የወንድ ክብር በምን እንደሚታወቅ ለሚጠይቅ ሰው አንዱ መልስ ቃሉ በሚባሉት የሃይማኖት አባቶችና በገዳ መሪዎች ግንባር ላይ ይታያል። ይኸውም ከለቻ የሚባለው ጌጥ ነው። ከውጭ የመጡ ተመልካቾች ቅርጹን አይተው የወንድ ብልት ምስል ነው ሲሉ ጽፈዋል። ይሁንና ከለቻ ማንም ጎልማሳ እንደ ልቡ የሚያስረው አይደለም፤ በማዕረግና በሥርዓት የሚገኝ ነው። በየስምንት ዓመቱ በሚፈራረቀው የገዳ ሥርዓት ውስጥም ወንድ የሚከበረው ከእርከን ወደ እርከን በመሸጋገርና ልጅ ወልዶ አባት በመባል ነው እንጂ በሰውነቱ ስፋትና ርዝመት አይደለም።

ይህም ሆኖ በሜጋም ሆነ በአዲስ አበባ የሚሠራ የጤና ባለሙያ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ ያደረገ ጎልማሳ ቀርቦ ሊጠይቀው የሚችለው ጥያቄ አለ፤ ብልትን በአልትራሳውንድ አሙቆ በመሳብ ማስረዘም ይቻላልን? ጥያቄው የሚያስቅ ቢመስልም ሊሳቅበት አይገባም። ሐሳቡ የመጣው ከጠንቋይ ቤት ሳይሆን ከራሱ ከፊዚዮቴራፒ ክፍል ነውና።

ብልትን በሙቀት ማከም አዲስ ነገር አይደለም። የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 15ኛ ቀዶ ሐኪም የነበረው ፍራንሷ ደ ላ ፔይሮኒ በ1743 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብልት ላይ ጠባሳ እየፈጠረ የሚያጎብጠውን፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን በሽታ በጻፈ ጊዜ ለሕሙማኑ ያዘዘው የባሬዥን ፍል ውሃ ነበር። ፍል ውሃ ወርዶ መታጠብን ከጥንት ጀምሮ ለሚያውቅ የኢትዮጵያ ሕዝብ ይህ ትእዛዝ እንግዳ አይሆንበትም።

አልትራሳውንድ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች በ1880 አንዳንድ ማዕድናት ሲጫኑ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ደረሱበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፖል ላንዥቫን በዚሁ ባሕርይ ተጠቅሞ የባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን በድምፅ ሞገድ ለመፈለግ ሲሞክር፣ በውሃው ውስጥ የነበሩ ትንንሽ ዓሦች ሲሞቱ፣ እጁን የከተተ ሰውም ሕመም ሲሰማው ተመለከተ። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ሥጋን ሊነካ መቻሉ የታወቀው እንዲህ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ራይማር ፖልማን በበርሊን ይህንኑ ኃይል ለሕክምና አዋለው፤ በ1949ም በኤርላንገን ከተማ በዚሁ ጉዳይ ላይ ሊቃውንት ተሰብስበው መከሩ።

የሙቀትና የመሳብ ጋብቻ ግን የተፈጸመው በአሜሪካ ነው። ዩስቱስ ሌማንና ባልደረቦቹ በ1970 ከአይጥ ጭራ የወጣ ጅማት ወስደው አንዱን በ25፣ ሌላውን በ45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እያቆዩ ሳቡት። ሙቀት ብቻውን ወይም መሳብ ብቻውን ያላስገኘውን ውጤት ሁለቱ ባንድነት አስገኙ፤ የሞቀው ጅማት ጭነቱ ከተነሣለት በኋላም ረዝሞ ቀረ። የተሰበረ እጅ ከጀሶ ሲወጣ ደርቆ ለሚቀርበት፣ በቃጠሎ ጠባሳ ክርኑ ለታሰረበት ሰው ይህ ትልቅ ተስፋ ነበር። ወጌሻ ቅቤ አሙቆ እያሸ ቀስ በቀስ መገጣጠሚያን ሲያፍታታ የኖረውም፣ ምክንያቱን በዚህ ቋንቋ ባያስረዳም፣ በተመሳሳይ ማስተዋል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአገር ቤት ትምህርት መነሣት አለበት። በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት በሥጋ ደዌ የተጎዱ እጆችን ሲያክም፣ ሕመምተኛው ስሜት በሌለው ቆዳው ላይ ሙቀት እንዲያደርግ አይመከርም፤ ሳይታወቀው ይቃጠላልና። የሚመከረው በተራ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ጣትን በየቀኑ በቀስታ ማቃናት ነው። በህንድ አገር በቬሎር የሠራው ፖል ብራንድም የታጠፉ ጣቶችን በየጊዜው በሚለወጥ ጀሶ ጥቂት በጥቂት ሲያቃና፣ ሥጋ በኃይል ከሚወጠር ይልቅ በትዕግሥት ሲያዝ እንደሚያድግ ያስተምር ነበር።

ወደ ብልት የተሻገረው ግን ይህ ትዕግሥት ሳይሆን የሌማን ቁጥር ነው። ነገሩም ቀላል ይመስል ነበር። የብልትን ቋቶች የሚሸፍነው ጠንካራ ልባስ በአብዛኛው ከኮላጅን የተሠራ ነው፤ ጅማትም ኮላጅን ነው፤ እንግዲያስ ጅማት በሙቀት ከተሳበ ብልትስ ለምን አይሳብም? አሳሳቹ ነገር «እንግዲያስ» በምትለው ቃል ውስጥ ተደብቋል። የሌማን ጅማት ከእንስሳ የወጣ፣ ደም የማይዞርበት ነበር። በሕያው ሰው ላይ ደሙ ሙቀቱን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ዴቪድ ድሬፐርና ሪካርድ በ1995 ጡንቻን በ3 ሜጋ ኸርዝ አሙቀው ሲለኩ፣ ለመሳብ የሚበቃው ሙቀት መሣሪያው ከተነሣ በኋላ የቆየው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ደግሞም ጅማቱ የታከመው ጉድለት ስላለበት ነው፤ ጤናማ ልባስን ማላላት ግን በብልት መቆም ጊዜ ደሙን አፍኖ የሚይዘውን ግድግዳ መንካት ነው። አልትራሳውንድ ራሱ በተለመዱት ሕመሞች ላይ እንኳ ብዙ አልተመሰገነም። ሮበርትሰንና ቤከር በ2001 ከመረመሯቸው 35 ጥናቶች አሠራራቸው ተቀባይነት ያገኘው 10 ሲሆኑ፣ ከእነዚህም መሣሪያው ከባዶ ማስመሰያ እንደሚበልጥ ያመለከቱት 2 ብቻ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ከብልቱ በታች ነው። የዘር ፍሬ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ነው፤ ስለዚህም በፊዚዮቴራፒ ትምህርት አልትራሳውንድ እንዳያርፍባቸው ከተከለከሉት ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። ሙስጠፋ ፋሂም በ1970ዎቹ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ አልትራሳውንድን የመረመረው የወንድ የእርግዝና መከላከያ ይሆን እንደሆነ ብሎ ነበር። በ2012 በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በአይጦች ላይ በተደረገው ጥናትም 3 ሜጋ ኸርዝ የሆነ ሞገድ ለ15 ደቂቃ፣ በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ሲሰጥ የዘር ሕዋሳትን ክፉኛ ቀንሷል። ብልቱን ለማስረዘም በቤቱ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ሰው ያንኑ ሞገድ ከዘር ፍሬው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ ይዞታል። በቦረና አባት ያልሆነ ሰው የሚያጣውን ለሚያውቅ፣ ይህ ርቀት ትንሽ ነው።

መሳብ ብቻውን ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለት ግን እውነት አይሆንም። በ2009 ጎንቴሮና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ጥቂት ወንዶች የመሳቢያ መሣሪያ በየቀኑ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ለ6 ወር አስረው በተሳበ ብልት ላይ 1.7 ሴንቲ ሜትር ያህል አግኝተዋል፤ ውፍረቱ አልተለወጠም። ይህ ያለ አልትራሳውንድ የተገኘ ነው፤ ከብራንድ ጀሶ ጋር ይመሳሰላል።

የቀረው ጥያቄ ማን ያስፈልገዋል የሚለው ነው። ቪል በ2015 የ15,521 ወንዶችን ልክ አሰባስቦ የቆመ ብልት አማካይ 13.12 ሴንቲ ሜትር መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ አስቀድሞ በ2002 ሞንዳይኒ ብልታችን አጭር ነው ብለው የመጡ 67 ወንዶችን ሲለካ አንድም አጭር አላገኘም፤ 42ቱ ሐሳቡ የያዛቸው በልጅነታቸው፣ የቀሩት 25 በጉርምስና የወሲብ ምስል ካዩ በኋላ ነበር። ዌሰልስ በ1996 ያቀረበው ወሰን ደግሞ በተሳበ ጊዜ ከ7.5 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ብልት ብቻ ለማስረዘሚያ ሕክምና ይታሰብ የሚል ነው። አለካኩም ማስመሪያውን ከላይ በኩል እስከ አጥንቱ ተጭኖ፣ ብልቱን በቀስታ ስቦ፣ እስከ ጫፉ ማንበብ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ማስመሪያና የሚዘጋ በር ሲሆን፣ ሁለቱም በሜጋ አይታጡም።