ሪፖርቱ ያውቅ ነበር

ስሙኝማ። ይህ የማወራችሁ ታሪክ የኛ አገር አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ኮኔቲከት በምትባል ትንሽ ግዛት የሆነ ነው። ዘመኑንም እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥርላችሁ። ወደ መጨረሻው ግን ወደ እናንተም ቤት መምጣቱ አይቀርም።

ናንሲ ካፔሎ የምትባል ሴት ነበረች። በግዛቲቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት የሠራች፣ ዶክትሬቷን የያዘች የትምህርት ባለሙያ። ስለ ጤናዋ የማትዘናጋ፣ ቀጠሮ የማታሳልፍ። አሥር ዓመት ያህል በየዓመቱ ማሞግራም ትነሳለች፤ በየዓመቱም ደህና መሆንሽ ታውቋል የሚል ወረቀት በፖስታ ይደርሳታል። የ2003ቱም ወረቀት ያንኑ አላት። ደስ ብሏት አስቀመጠችው።

ስድስት ሳምንት ያህል ቆየት ብላ ለተለመደው ምርመራ ሐኪሟ ጋ ሄደች። ሐኪሟ በእጅ ሲዳብሱ ጡቷ ላይ ጠንከር ያለ ነገር አገኙ። ሌላ ማሞግራም አዘዙ፤ አልትራሳውንድም ጨመሩበት። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ማሞግራሙ አሁንም ምንም አላየም። አልትራሳውንዱ ግን 2.5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ዕጢ ቁልጭ አድርጎ አወጣው። ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ ካንሰሩ 13 የብብቷ ንፍፊቶች ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ደረጃው 3ሲ ተባለ። ደህና ነሽ ከተባለች ገና ወራት ናቸው!

ሴትዮዋ አለቀሰች፣ ታከመች፤ ጥያቄዋን ግን አልተወችም። ያ ሁሉ ዓመት ስነሳው የኖርኩት ማሞግራም ይህን የሚያህል ነገር እንዴት አጣው? አለች። መልሱ አጭር ነበር፤ ጡትሽ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ለዚህ ነው።

እስቲ ይህን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ማሞግራም ራጅ ነው። ጡት ጠፍጣፋው ሰሌዳ ላይ ያርፋል፤ ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ወርዶ ጭምቅ ያደርገዋል፤ ትንፋሽ ያዢ ይባላል፤ ጠቅ። የተነሱ ሁሉ ያውቁታል፣ ያማል፤ ደግነቱ ቶሎ ያልቃል። የሚወጣው ምስል ላይ ስብ ጠቆር ብሎ ይታያል። የወተት ዕጢዎቹና እነሱን ደግፎ የያዘው ጅማት መሰል ሥጋ ግን ነጭ ነው። ካንሰርም ነጭ ነው። እንግዲህ ስብ የበዛበት ጡት ላይ ያቺ ነጭ ነገር በሩቁ ትታያለች። ስቡ ያነሰ፣ የወተት ዕጢና ደጋፊው ሥጋ የበዛበት፣ ማለትም ጥቅጥቅ ያለ ጡት ላይ ግን መፈለጉ በባዘቶ ክምር ውስጥ ነጭ አዝራር እንደ መፈለግ ነው። ጎበዝ የራጅ ሐኪም እንኳ ሊያልፈው ይችላል።

ታዲያ ይህ ጥቅጥቅነት በእጅ የሚታወቅ ነገር አይደለም። ጡቴ ጠንካራ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ትንሽ ነው ማለት ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይናገርም። የሚታወቀው በምስሉ ብቻ ነው። በሽታም አይደለም፤ በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ40 ካለፈ ሴቶች ግማሽ የሚጠጉት ጥቅጥቅ ያለ ጡት አላቸው። ወጣቶች ላይ ይበዛል፤ ዕድሜ ሲገፋ፣ የወር አበባ ሲቆም ብዙውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ሐኪሞቹ በአራት ፊደል ይከፍሉታል። ኤ ሙሉ ለሙሉ ስብ ማለት ይቻላል፤ ቢ እዚህም እዚያም ነጭ የተበተነበት፤ ሲ ጥቅጥቅ ያለ፤ ዲ ደግሞ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ።

አሁን የታሪኩ ምሬት ያለበት ጋ ደረስን። ናንሲ ስትጠይቅ፣ ስታስፈትሽ፣ የራጅ ሐኪሞቹ ይህንን ነገር ለዓመታት ሲጽፉት መኖራቸውን ደረሰችበት። ጡቷ ጥቅጥቅ ያለ ነው እያሉ ለሐኪሞቿ ሪፖርት ያደርጋሉ። ለእሷ በሚላከው ወረቀት ላይ ግን አንዲት ቃል የለችም። ባለ ጡቷ ሳትቀር ሁሉም ያውቃል ቢባል ያምር ነበር፤ ያላወቀችው እሷ ብቻ ናት!

እውቀቱም ትናንት የመጣ እንዳይመስላችሁ። ጆን ዎልፍ የሚባል የዲትሮይት የራጅ ሐኪም የጡት ምስሎችን በአራት መደብ ከፍሎ፣ ነጭ የበዛባቸው ሴቶች ለካንሰር ይበልጥ ይጋለጣሉ ብሎ የጻፈው በ1976 ነው። ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር። በ2007 የቶሮንቶው ኖርማን ቦይድና ባልደረቦቹ የምስሉ 75 በመቶና ከዚያ በላይ ነጭ የሆነባቸውን ሴቶች፣ ከ10 በመቶ በታች ከሆነባቸው ጋር አነጻጸሩ። ተጋላጭነቱ 4.7 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አትደንግጡ፤ ይህ ጫፍና ጫፍ ያሉትን ማነጻጸር ነው። መሐል ላይ ላሉት ልዩነቱ ከዚህ በጣም ያንሳል። ቢሆንም ነገሩ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ የካንሰሩን ዕጢ ይሸፍናል፣ ራሱም አደጋውን ይጨምራል።

ናንሲ ሐኪሞቿን ከእንግዲህ ለሌሎቹ ሴቶች ንገሯቸው ብላ ለመነች። አሠራራችን አይደለም አሏት። እሷም ሐኪም እንቢ ካለ ሕግ ይናገር ብላ ከባለቤቷ ከጆ ጋር የግዛቲቱን ምክር ቤት ደጅ ትጠና ጀመር። በ2005 ኮኔቲከት ጥቅጥቅ ያለ ጡት ላላቸው ሴቶች የአልትራሳውንዱን ወጪ ኢንሹራንስ እንዲሸፍን ደነገገች። የሚገርመው፣ ጡቷ እንዴት ያለ እንደሆነ ያልተነገራት ሴት ይህን መብት በምን ታውቀዋለች? ይኼው ጎዶሎ የተሞላው በ2009 ነው። ለሴቲቱ ራሷ ይነገራት የሚል ሕግ በአሜሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከ30 በላይ ግዛቶች ተከተሉ።

ናንሲ ካፔሎ በኅዳር 2018 በ66 ዓመቷ አረፈች። የገደላት ለካንሰሩ የወሰደችው ሕክምና ያስከተለው የመቅኒና የደም በሽታ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ኮንግረሱ ይኸው በመላ አገሪቱ ለሴቶች እንዲነገር አዘዘ፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ደንቡን በመጋቢት 2023 አወጣ፤ ከመስከረም 10 ቀን 2024 ጀምሮ እያንዳንዱ የማሞግራም ማዕከል ለእያንዳንዷ ሴት ጡቷ ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ መንገር ግዴታው ሆነ። ናንሲ ግን አላየችውም።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ደስ ብሎ ያልቃል ብላችሁ አትጠብቁ። መንገር አንድ ነገር ነው፤ ከተነገራት በኋላ ምን ታድርግ የሚለው ሌላ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ማሞግራማቸው ደህና የሆነ ግን ጡታቸው ዲ የሆነ ሴቶች ኤምአርአይ የሚባለውን የማግኔት ምርመራ በተጨማሪ እንዲነሱ ተጋበዙ። ውጤቱ በ2019 ሲወጣ፣ በሁለት ምርመራ መካከል ብቅ የሚለው ካንሰር ከ1,000 ሴቶች ከ5 ወደ 2.5 ወርዷል። ትልቅ ነገር ነው። ግን በመጀመሪያው ዙር ኤምአርአይ ከተነሱት ከ1,000 ሴቶች ወደ 80 የሚሆኑት ካንሰር ሳይኖርባቸው ተጠርተው ደንግጠዋል። ደግሞም ዕጢን ቀድሞ ማግኘት ሞትን ምን ያህል ይቀንሳል የሚለው ገና አልተቋጨም። ለዚህም ነው የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ገምጋሚ ቡድን በ2024፣ ከ40 እስከ 74 ዓመት ያላችሁ በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም ተነሱ ካለ በኋላ፣ ጥቅጥቅ ላለ ጡት ስለሚጨመረው አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ማስረጃው አልሞላልኝም ያለው። የፌዴራሉ ደንብም ማዕከሉን ተናገር ይላል እንጂ ኢንሹራንሱን ክፈል አይልም። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ክርክር መሐል ናንሲን አልወቅሳትም። ሐኪሞች አልተስማሙም ተብሎ የአንዲት ሴት የገዛ አካሏ ምስጢር አይደረግባትም።

ቤታችሁ ይመጣል ያልኳችሁ ይኼ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድርያ ያለች እናት ደብዳቤው ይደርሳታል። ልጇን ና አንብብልኝ ትላለች። ልጁ ቃሉን አይቶ ያፍራል፤ ምንም የለውም እማዬ፣ ደህና ነሽ ይላል ብሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል። አደራ፣ እንደዚህ አታሳልፉት። አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ሆስፒታሎቹ በነጻ ያቀርባሉ። ኤ ነኝ፣ ቢ ነኝ፣ ሲ ነኝ ወይስ ዲ? በእናቴና በእህቶቼ በኩል ያለው የካንሰር ታሪክ ሲደመርበት አደጋዬ ስንት ነው? ሌላ ምርመራ ያስፈልገኛል ወይ? ማን ይከፍላል? በሉ።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ፣ ማሞግራም እንደ ልብ በማይገኝበት፣ ብዙ ሴቶችም ገና በወጣትነታቸው በሚታመሙበት አገር፣ አልትራሳውንድ ተራ ምትክ አይደለም፤ ለወጣት ጡት ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ምርመራ እሱ ነው። ጡታችሁ ወይም ብብታችሁ ላይ አዲስ እብጠት ከዳሰሳችሁ፣ ወይም የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ማሞግራሙ ደህና ነው ቢባል እንኳ በዚያ አትመለሱ። አልትራሳውንድ ይታይልኝ፣ ካስፈለገም ናሙና ይወሰድልኝ በሉ።