የሽምብራ ፍሬ የምታህል ዕጢ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ያረገዘችው በመድኃኒት ነው፤ አሁን ግን ሐኪሟ መድኃኒቱን አቁሚ ብሏታል። አማቷ ደግሞ «ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ ያለባት ሴት እንዴት ታረግዛለች?» እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል። «ቲቸር፣ ማንን ልስማ?» አለችኝ። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ታሪኩን ግን ልንገራችሁ፤ ስሟን ሳልጠቅስ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

ፒቱታሪ ከአንጎል ሥር፣ የዓይን ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ በታች የተቀመጠች፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ዕጢ ናት። (በኛ ቋንቋ ጤነኛውም በሽታውም «ዕጢ» መባሉ ስንቱን አስደንግጧል! እኔ በሽታውን ዕባጭ እለዋለሁ።) እ.ኤ.አ. በ1909 ኤርድሃይም እና ሽቱመ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህች ዕጢ በእርግዝና ጊዜ በጤነኛ ሴትም እንደምታድግ አሳዩ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

አንዳንዱ ዕባጭ ፕሮላክቲን የሚባለውን የወተት ሆርሞን ያበዛል። ያኔ የወር አበባ ይቀራል፣ ሳይወልዱ ወተት ይመጣል፣ እርግዝናም እምቢ ይላል። ስንቷ «መሃን» ተብላ ትዳሯ ፈረሰ! የሰው ፕሮላክቲን በደም ውስጥ በደንብ መለካት የተቻለው ገና በ1971 ነው፣ ካናዳ፣ በነፍሪሰን ላቦራቶሪ። በዚያው ሰሞን ብሮሞክሪፕቲን መጣ፤ የስዊዘርላንዱ ሳንዶዝ ኩባንያ ኤርጎት ከሚባለው የእህል ፈንገስ የሠራው መድኃኒት። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ወሎ ውስጥ የሰው እግር ያደረቀው ያው ፈንገስ ነው! እኛ ዘንድ እግር ሲያስቆርጥ፣ በሌላ በኩል መሃን የተባሉትን እናት ያደርግ ነበር።

ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ሴቶቹ ሲያረግዙ ዕጢዋም ዕባጩም ያድጋሉ፤ ወደ ላይ ሲገፋ የዓይን ነርቭን ይጫናል። ሐኪሞች እርግዝናዎቹን እየተከታተሉ ልዩነቱን ለዩት፦ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ችግር የሚገጥማቸው ከመቶ ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው፤ ትልቁ ላይ ግን ከመቶ ወደ ሃያ ይጠጋል። ስለዚህ ትንሹ ላይ እርግዝናው ሲታወቅ መድኃኒቱን አስቁሞ መከታተል፤ የባሰ ራስ ምታት ወይም የጎን እይታ መጥበብ ከመጣ ኤምአርአይ ማንሳት፣ መድኃኒቱን መልሶ መጀመር። ቀዶ ጥገና የመጨረሻው ነው። ትልቁን ሐኪሙ መድኃኒቱን ሳያስቆም ሊቀጥል ይችላል።

የሷ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ማክሰኞ የዓይን ምርመራ አላት፤ አማቷ አብሬሽ ካልሄድኩ ብለዋል።