የሰሜን ጠረፍ የበጋ አየር፦ ከናሃሪያ እስከ ሐይፋ ምን ይጠበቃል?

ሐምሌና ነሐሴ ሲባል በኢትዮጵያ ያደገ ሰው ትዝ የሚለው ዝናብ፣ ጭቃና የሞላ ወንዝ ነው። በእስራኤል ግን እነዚያው ወራት፣ ማለትም ጁላይና ኦገስት፣ ዝናብ የሌለባቸው የበጋው ዋና ወራት ናቸው። በናሃሪያ፣ በአኮ፣ በክራዮትና በሐይፋ ለምትኖሩ ቤተሰቦች፣ በተለይም ለአረጋውያን፣ የጠረፉ በጋ ምን እንደሚመስልና እንዴት እንደሚያልፉት ከዚህ በታች እናብራራለን።

የሙቀቱ ጠባይ

በሰሜኑ ጠረፍ ላይ በጁላይና በኦገስት የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ብዙ አያስፈራም። ጎንደርም ቢሆን በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ወደ 30 ይጠጋል። ልዩነቱ ያለው በሌሊቱና በእርጥበቱ ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ፀሐይ ስትጠልቅ አየሩ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሰውም ጋቢ ለብሶ ያድራል። በጠረፉ ግን ሌሊት እንኳ ሙቀቱ 23 ወይም 25 ዲግሪ ላይ ይቆያል፣ አየሩም በእርጥበት የተሞላ ነው። ላብ ከቆዳ ላይ ካልደረቀ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ሰው «አየሩ አፈነኝ» የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በአፉላ ዘመድ ያላችሁ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። እዚያ ቀኑ ከጠረፉ ይልቅ ይሞቃል፣ ነገር ግን አየሩ ደረቅ ያለ ነው፤ ሌሊቱም ይሻላል። ሐይፋ ውስጥም ቢሆን ቦታ ለቦታ ይለያያል። በካርሜል ተራራ ላይ ያሉት ሰፈሮች ከታችኛው ከተማና ከክራዮት ጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛሉ።

ለምን አይዘንብም?

በበጋ ወራት በሕንድና በደቡብ እስያ ከባድ ዝናብ ይጥላል። እዚያ ወደ ላይ የሚወጣው አየር ከፊሉ ወደ ምዕራብ ተጉዞ በምሥራቅ ሜዲትራንያን ላይ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ታች የሚወርድ አየር እየሞቀና እየደረቀ ስለሚሄድ ለዝናብ የሚበቃ ደመና እንዲያድግ አያደርግም። ከታች ደግሞ ከባሕሩ፣ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ፣ እርጥበት ያዘለ ንፋስ ይነፍሳል። ከላይ ያለው ሞቃት አየር እንደ ድስት ክዳን ሆኖ ይህን እርጥበት ከታች ያፍነዋል። ጠዋት በካርሜል ላይ ዝቅ ያለ ደመና የሚታየውና በመኪና መስታወት ላይ ጤዛ የሚገኘው ከዚሁ እርጥበት የተነሣ ነው።

ከወር ወደ ወር

ጁን፦ በአብዛኛው ለስለስ ያለ ወር ነው። ከምሥራቅና ከደቡብ የሚመጣው ደረቅና አቧራማ ሙቀት፣ ሻራብ የሚባለው፣ በብዛት የሚታየው በኤፕሪልና በሜይ ነው። እንዲህ ባለው ቀን ጠረፉም ላይ ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል።

ጁላይና ኦገስት፦ አየሩ ከቀን ወደ ቀን ብዙም አይለዋወጥም። የባሕር ንፋስ ከረፋዱ ጀምሮ ይነሣና ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ማታ ይደክማል። ውሃ የሚሞቀው ቀስ ብሎ ስለሆነ ባሕሩ ከሁሉ ይልቅ የሚሞቀው በኦገስት ነው፤ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ የኦገስት ሌሊቶች ከሁሉ ይከብዳሉ።

ሴፕቴምበርና ኦክቶበር፦ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ሻራብ ግን እንደገና ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ዝናብ፣ ዮሬ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው በኦክቶበር ነው።

ከእነዚህ ወራት ባሻገር የሚታይ ለውጥም አለ። ባለፉት አሥርተ ዓመታት የእስራኤል በጋ እየሞቀ መጥቷል፣ ሞቃት ሌሊቶችም በዝተዋል። «ድሮ ስንመጣ እንዲህ አልነበረም» የሚሉ አባቶችና እናቶች የሚናገሩት እውነት ነው።

«ኦመስ ሖም» ሲባል

በራዲዮና በቴሌቪዥን የአየር ትንበያ ላይ «ኦመስ ሖም» የሚለውን ቃል ትሰማላችሁ። የሙቀት ጫና ማለት ነው። የሚሰላው ሙቀትን ብቻ ሳይሆን እርጥበትንም ጨምሮ ነው። ስለዚህ 31 ዲግሪ በተባለበት ቀን ጫናው «ከባድ» ሊባል ይችላል። ለአረጋውያን ከዲግሪው ቁጥር ይልቅ የሚጠቅመው ይህን ቃል ማዳመጥ ነው። «ከባድ» ከተባለ የገበያና የቢሮ ጉዳይዎን በማለዳ ይጨርሱ፣ ወይም ለሌላ ቀን ያስተላልፉት።

አረጋውያን ምን ያድርጉ?

ዕድሜ ሲገፋ የውሃ ጥም ስሜት ይቀንሳል። ስለዚህ እስኪጠማዎ ሳይጠብቁ ውሃ ይጠጡ። ቡና የውሃን ቦታ አይተካም፤ ከእያንዳንዱ ሲኒ ጋር አንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣት ጥሩ ልማድ ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበትና ውሃ እንዲቀንስ የታዘዘ ሰው ግን መጠኑን በኩፓት ሖሊም ያለውን ሐኪሙን ይጠይቅ። ለደም ግፊት የሚሰጡ፣ ሽንት የሚያበዙ ክኒኖች በሙቀት ጊዜ ሰውነትን ሊያደርቁ ይችላሉ። በራስዎ ፈቃድ ግን አያቋርጡ።

ብዙ አረጋውያን የመብራት ሒሳብ እንዳይበዛባቸው መዝጋኑን ያጠፋሉ። በከባድ ሙቀት ቀን ይህ አደገኛ ቁጠባ ነው። 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ አድርገው፣ አንድ ክፍል ብቻ ዘግተው ቢጠቀሙ ብዙ ወጪ ሳይኖር ሰውነትዎ ያርፋል። መዝጋን የሌለው ሰው በቀትር ጊዜ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ አረጋውያን ክበብ ወይም ወደ ገበያ አዳራሽ ሄዶ ቢቀመጥ ይሻለዋል። የቲሻ በአቭ ጾም የሚውለው በዚሁ የሙቀት ወቅት ነውና ሕመም ያለባችሁ ከጾሙ በፊት ሐኪማችሁንና ቄሳችሁን ወይም ረባያችሁን አማክሩ።

በሙቀት የተመታ ሰው ግራ ይጋባል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ሊወድቅም ይችላል። ወዲያው ወደ 101 ደውሉ። አምቡላንሱ እስኪደርስ ወደ ጥላ ወስዳችሁ ልብሱን አላሉለት፣ ሰውነቱን በውሃ አርጥቡ፣ አራግቡለት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት። ልጆችም ብቻቸውን ለሚኖሩ ወላጆቻችሁ በሙቀት ቀን ጠዋትና ማታ ደውሉ።

ባሕርና እሳት

የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ባሕር ስትወርዱ ጠባቂ ባለበት ቦታ ብቻ ይዋኙ። ነጭ ባንዲራ መዋኘት ይቻላል ማለት ነው፤ ቀይ አደገኛ ነው፤ ጥቁር ክልክል ነው። በበጋ ጄሊፊሽ፣ በዕብራይስጥ መዱዛ፣ ይመጣል። የነካውን ቦታ ሳታሹ በባሕር ውሃ እጠቡ።

ከባዱ የእሳት አደጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሙቀቱ ካለፈ በኋላ፣ ዝናቡ ሲዘገይ ነው። ወራት ሙሉ የደረቀው ሣርና ጥድ ከምሥራቅ በሚመጣ ደረቅ ንፋስ በቀላሉ ይያያዛል። በዲሴምበር 2010 የካርሜል ቃጠሎ 44 ሰዎች ሞቱ። በኖቬምበር 2016 ደግሞ ሐይፋ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። ስለዚህ በዱር ዳር እሳት አታንድዱ፤ ጭስ ካያችሁ ወደ 102 ደውሉ፤ ልቀቁ ከተባላችሁ ዕቃ ለመሰብሰብ አትቆዩ። መድኃኒታችሁንና መታወቂያችሁን በአንድ ቦርሳ አዘጋጅታችሁ በር አጠገብ አስቀምጡ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ደስ ይላል። መንገዱ ግን በበጋው በተከማቸ ዘይትና አቧራ ይንሸራተታልና በዚያ ቀን ቀስ ብላችሁ ሂዱ። መልካም በጋ ይሁንላችሁ።