ቴምብርና አደራ

ለመሆኑ ቴምብር ምንድን ነው? ከደብዳቤ ላይ የሚለጠፍ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነውን? (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዛሬይቱ ኢጣሊያ ከመታሰቢያ ዕቃ መደብር ፖስትካርድ የሚገዛ አገር ጎብኚ አብሮ የሚሸጥለት ቴምብር የብሔራዊው ፖስታ ላይሆን ይችላል። የግል ኩባንያ ቴምብር ከሆነ መግባት ያለበት በዚያው ኩባንያ ሣጥን ነው። ጎብኚው ሳያውቅ በየመንገዱ ከሚታየው የብሔራዊው ፖስታ ቀይ ሣጥን ቢከተው፣ ገንዘቡን የተቀበለው ሌላ ነውና ካርዱ ከተላከለት ሰው ላይደርስ ይችላል።

ንግዱ ሕገወጥ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 ባወጣው መመሪያ የፖስታ ገበያው ለውድድር እንዲከፈት ወስኗል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ገበያው ሲከፈት አደራውን ማን ተረከበ?

ታሪክ እዚህ ላይ ያስተምረናል። ቀድሞ መንግሥታት ደብዳቤ የሚለዋወጡት ሁለት ሁለት እየሆኑ በሚፈራረሙት ውል ሲሆን ታሪፉም የተወሳሰበ ነበር። በ1874 የ22 አገሮች መልእክተኞች በበርን ተሰብስበው፣ አባል አገሮች ለደብዳቤ ልውውጥ እንደ አንድ ግዛት እንዲቆጠሩ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ የአንዱ አገር ቴምብር በሌላው ዘንድ የታመነ ሆነ።

ከዚህ ውል ውጭ መሆን ምን ማለት እንደ ነበር የእኛው ታሪክ ይመሰክራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 በፓሪስ ካሳተሟቸው ሰባት ቴምብሮች አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ ሦስቱ የይሁዳን አንበሳ የያዙ ነበሩ። መልካቸው የተሟላ ነበር፤ ሥልጣናቸው ግን ከወሰን አያልፍም። በጅቡቲ በኩል ወደ አውሮፓ በሚሄድ ደብዳቤ ላይ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይታከልበት ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ኖቬምበር 1 ቀን 1908 ነው። ከቴምብሩ እስከ መታመኑ 14 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

እንግዲህ የቴምብር ዋጋ ያለው ከሥዕሉ ሳይሆን ሌሎች ከሚሰጡት እውቅና ነው። አንድ መንግሥት 14 ዓመት ጠብቆ ያገኘውን እውቅና፣ ከራሱ ሣጥን ውጭ የማይሠራ የኩባንያ ቴምብር በመልክ ብቻ ይዋሰዋል። ገዢው የሚከፍለው ግን የቆየውን አመኔታ ይዞ ነው።

ይህን ስንል ውድድር ይቅር ማለታችን አይደለም። በአገራችን በ2022 ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ሥራ ሲጀምር፣ የአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው መስመር መደወል እንዲችል ተደርጓል። ውድድሩ ሕዝብን የሚጠቅመው ተወዳዳሪዎቹ እርስ በርስ እንዲቀባበሉ ሲገደዱ ነው። ገበያ የሚከፍት መንግሥት፣ በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም፣ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው፦ የአንዱን ደብዳቤ ሌላው ይቀበለዋልን? መልሱ አይደለም ከሆነ፣ ቢያንስ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በግልጽ ይነገረው።