ጭቃ የዋጣቸው ታንኮች፦ ከኢፕር እስከ ካምብሬ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1917 ንጋት ላይ የእንግሊዝ ጦር በቤልጂየም ኢፕር ከተማ አጠገብ ትልቅ ማጥቃት ከፈተ። ከእግረኛው ጋር ሦስት የታንክ ብርጌዶች ተሰልፈው ነበር። ታንከኞቹ “የታንክ ኮር” የሚለውን ስም ካገኙ ገና ሳምንት አልሞላቸውም። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጀመረ። በማግስቱም ዘነበ፤ በሠልስቱም እንዲሁ። ኦገስት ለአውሮፓ በጋ ነው፤ የዚያ ዓመቱ ኦገስት ግን ክረምት ሆኖ አለፈ፤ የጣለው ዝናብ ከተለመደው ወደ እጥፍ ይጠጋ ነበር። የዘመኑ አስፈሪ መሣሪያ የተባለው ታንክ ከጠላት መድፍ ባላነሰ በውኃና በአፈር ተሸነፈ።

ይህን ታሪክ ብዙዎች ሲተርኩት ጥፋቱን በዝናቡ ላይ ጥለው ያልፋሉ። ዝናቡ ግን የጥፋቱ ግማሽ ብቻ ነው።

የኢፕር አካባቢ መሬት ከባድ ሸክላ ነው። በክረምት መረሬ ላይ የሄደ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ሙጫ ነው። ውኃ ወደ ታች አይሰርግም፤ መሬቱም ዝቅተኛ በመሆኑ ውኃው ከላይኛው አፈር ብዙም አይርቅም። አካባቢውን እርሻ ያደረገው ለዘመናት በገበሬ እጅ የተቆፈረው የውኃ መውረጃ ቦይ ነበር። ማጥቃቱ ከመጀመሩ በፊት የእንግሊዝ መድፎች ለሁለት ሳምንት ያህል ከ4 ሚሊዮን በላይ ጥይት በዚህ መሬት ላይ አዘነቡ። ቦዮቹ ፈረሱ፤ ጅረቶቹ መንገዳቸውን አጡ፤ መሬቱ ጎን ለጎን በተደረደሩ ጉድጓዶች ተሞላ። ዝናቡ ሲመጣ የሚሄድበት አልነበረውም። ለታንኮቹ መንገድ ይጠርጋል የተባለው ድብደባ መንገዱን ራሱን አጠፋው ማለት ነው።

የታንክ ኮር መኮንኖች ይህን አስቀድመው አይተውታል። የኮሩ ዋና የስታፍ መኮንን ጆን ፉለር ድብደባው ቦዮቹን ካፈረሰ አካባቢው ረግረግ እንደሚሆን ጽፏል። ማጥቃቱ ከተጀመረ በኋላም ክፍሉ ረግረጉ የት የት እንደሰፋ የሚያሳይ ካርታ በየዕለቱ እያዘጋጀ፣ ማጡን በሰማያዊ እየቀባ ወደ ላይ ይልክ ነበር። ሰማያዊው ቀለም በየቀኑ ሰፋ። በመጨረሻ ከበላይ የመጣው መልስ ካርታዎቹን መላክ እንዲያቆሙ የሚያዝ ነበር። በጦር ሠራዊት ብቻ ሳይሆን በየመሥሪያ ቤቱ የሚታወቅ መልስ ነው፤ መጥፎ ዜና ሲበዛ ዜናው የሚመጣበትን በር መዝጋት።

መሣሪያው ራሱ ምን ነበር? በ1917 የተሰለፈው “ማርክ 4” የተባለው ታንክ 28 ቶን ያህል ይመዝናል። ሞተሩ 105 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ዛሬ አንዲት ትንሽ የቤት መኪና ያላት ጉልበት ማለት ነው። በጥሩ መሬት ላይ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም በሰው እርምጃ ይጓዛል። ስምንት ሰዎች ከሞተሩ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ተፋፍገው በጭስና በሙቀት እየታፈኑ ይነዱታል። ጭቃ ላይ ሲወጣ ሰንሰለቱ ይሽከረከራል፤ የሚይዘው ጠንካራ ነገር ስለሌለ ግን በቦታው እየቆፈረ ሆዱ መሬት እስኪነካ ይሰምጣል። ሆዱ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ ነዳጅ መስጠት ጉድጓዱን ማጥለቅ ብቻ ነው። ማጥ ውስጥ የገባ የጭነት መኪና ወይም ዶዘር ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ይህ ችግር አዲስ አልነበረም። ታንክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጦርነት የገባው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1916 በሶም ግንባር፣ ፍሌር በተባለች መንደር አቅራቢያ ነው። ለዚያ ቀን ከተመደቡት 49 ታንኮች ወደ መነሻ ቦታቸው የደረሱት 32 ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ በብልሽትና በጉድጓድ ምክንያት ገና ጠላት ሳያዩ ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከኋላ ለመሪነት የተገጠመው ባለ ሁለት ጎማ ጅራት ጥቅም እንደሌለው ስለታየ ተነሳ። የነዳጅ ታንኩ ከሰዎቹ አጠገብ ተነስቶ በስተኋላ ወደ ውጭ ወጣ። ለጭቃው ደግሞ አንድ ቀላል ዘዴ መጣ፦ ግንድ።

ግንዱ ግማሽ ቶን ያህል የሚመዝን፣ በብረት የተለበጠ፣ ከታንኩ ወርድ የሚረዝም የኦክ እንጨት ነው። በታንኩ ጣሪያ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ይቀመጣል። ታንኩ ሲሰምጥ ሰዎች ወጥተው ግንዱን በሁለቱም በኩል ከሰንሰለቱ ጋር ያስሩታል። ሰንሰለቱ ሲዞር ግንዱን ወደ ፊት ይጎትተዋል፤ ከዚያ ከሆዱ ሥር ያስገባዋል። ግንዱ ጭቃውን በሰፊው ሲይዝ ታንኩ በላዩ ላይ ይሳባል፤ ግንዱም ከኋላ ወጥቶ ወደ ጣሪያው ይመለሳል። በገጠር መንገድ የተቀረቀረ መኪና ጎማ ሥር እንጨትና ድንጋይ የሚያስገባው ረዳት የሚሠራው ሥራ ነው፤ ልዩነቱ እንጨቱ ራሱ ተመላልሶ መምጣቱ ነው። ከዚያ በኋላ የተሠሩት የእንግሊዝ ከባድ ታንኮች ይህን ግንድ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ተሸክመው ኖረዋል።

አንድ ክፍተት ግን ነበረው። ግንዱን ለማሰር ከታንኩ መውጣት ያስፈልጋል፤ ታንክ የሚሰምጠው ደግሞ በአብዛኛው ጥይት በሚዘንብበት ቦታ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ኦገስት 22 ቀን 1917 “ፍሬይ ቤንቶስ” በተባለው ታንክ ላይ ታየ። ስሙ የታዋቂ የቆርቆሮ ሥጋ ምርት ስም ነው፤ አዛዡ ሻምበል ዶናልድ ሪቻርድሰን ከጦርነቱ በፊት በምግብ ሸቀጥ ንግድ ላይ የነበረ ሰው ነው። ቆርቆሮ ውስጥ የታሸገ ሥጋ፦ ቀልዱ መራር ነው። ታንኩ በሁለቱ ምሽጎች መካከል ከጉድጓድ ገብቶ ጋደለ፤ መድፎቹም ወደሚፈለገው አቅጣጫ የማይዞሩ ሆኑ። ግንዱን ለማሰር ከወጡት አንዱ እዚያው ተገደለ። የቀሩት ስምንቱ ከ60 ሰዓት በላይ በዚያ ብረት ውስጥ ተዘግተው ቆዩ። ጀርመኖች ቀርበው ሊከፍቱት ሞከሩ። ይባስ ብሎ እንግሊዞቹ ራሳቸው ታንኩ በጠላት እጅ የገባ መስሏቸው ተኮሱበት። ከሠራተኞቹ አንዱ እየተሳበ ወደ ወገን ምሽግ ሄዶ “ተኩስ አቁሙ፣ እኛ ነን” ማለት ነበረበት። በሦስተኛው ሌሊት የተረፉት የመድፎቹን መቆለፊያ ፈትተው፣ መሣሪያቸውን ይዘው በጨለማ ወጡ። ሁሉም ማለት ይቻላል ቆስለዋል።

ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 19፣ በዚያው ግንባር ሴንት ጁሊየን አጠገብ ሌላ ነገር ተደርጎ ነበር። ጄኔራል አይቨር ማክሲ የተባለው የኮር አዛዥ ጥቂት የኮንክሪት ምሽጎችን መያዝ ፈለገ። በእግረኛ ብቻ ቢሞከር በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ይጎዳል ተብሎ ተገመተ። የታንክ ብርጌዱ አዛዥ ቤከር-ካር ታንኮቹ በጭቃው ላይ እንዳይሄዱ፣ ከተበላሸው የጠጠር መንገድ እንዳይወጡ፣ የተለመደው የመድፍ ድብደባም ቀርቶ በጭስ እንዲሸፈኑ ሐሳብ አቀረበ። ጥቂት ታንኮች በመንገዱ ሄደው ምሽጎቹን ከኋላ ዞሩባቸው። ምሽጎቹ ተያዙ፤ በወገን በኩል የተጎዱት በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። አንዳንዶቹ ታንኮች ከመንገድ ሲወጡ እዚያም ሰምጠዋል፤ ግን ሥራቸውን ከሠሩ በኋላ ነው።

በኢፕር የተገኘው ትልቁ ትምህርት ምናልባት ይህች ትንሽ ውጊያ ናት። ግንዱ የሰመጠ ታንክን ስለማውጣት ነው። ሴንት ጁሊየን ግን ሌላ ጥያቄ አነሳች፦ ለምን ከመጀመሪያው ወደ ማጡ ይገባል?

ፉለር በዚሁ ወር ታንኮቹ ለእነሱ በሚስማማ መሬት ላይ ድንገተኛ ጥቃት እንዲሰነዝሩ የሚጠይቅ ሐሳብ አቀረበ። የበላይ አዛዡ ዳግላስ ሄግ ግን ኢፕር ላይ ያለውን ውጊያ አላቆመም፤ እስከ ኖቬምበር ድረስ ቀጠለ። ማስረጃው በሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ወደ ላይ ተልኮ ሳለ ሦስት ወር የፈጀው ለምን እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ለአዛዡ የሚከራከሩ የፈረንሳይ ጦር በዚያ ዓመት በአመፅ መዳከሙን፣ ጀርመንን ሥራ ማስያዝ ግዴታ መሆኑን ያነሳሉ። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። ታንኮችን ግን እዚያ ጭቃ ውስጥ ለማቆየት አይበቃም።

በስተመጨረሻ የተመረጠው ቦታ በሰሜን ፈረንሳይ የካምብሬ ከተማ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ነው። መሬቱ ኖራማ ነው፤ ውኃ ያሰርጋል። ከባድ ውጊያ ስላላየ በጥይት አልተቆፈረም። ኖቬምበር 20 ቀን 1917 ጠዋት 476 ታንኮች፣ ከእነዚህም 378 ተዋጊዎች፣ በአንድነት ተንቀሳቀሱ። ለቀናት የሚቆይ የመድፍ ድብደባ ቀርቷል። 1,000 ያህል መድፎች ዒላማቸውን በካርታና በስሌት አስቀድመው አስተካክለው፣ ታንኮቹ በተነሱበት ደቂቃ ብቻ ተኮሱ። መሬቱ እንዳልነበረ አልሆነም፤ ጠላትም አልነቃም።

ጭቃው ቢቀርም ጉድጓዱ ነበር። የጀርመን “ሂንደንበርግ መስመር” ምሽጎች ታንክ እንዳይሻገራቸው ሆን ተብሎ ሰፍተው ተቆፍረዋል። መፍትሔው እንደገና እንጨት ሆነ፤ በዚህ ጊዜ ጭራሮ። በደርዘን የሚቆጠር የጭራሮ ሸክም በአንድ ላይ በሰንሰለት ይታሰራል፤ እስሩን ለማጥበቅ ሁለት ታንኮች ሰንሰለቱን ግራና ቀኝ ይጎትታሉ። አንዱ እስር ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል። ኤራን በተባለው የኮሩ ዋና ወርክሾፕ በዋናነት ያዘጋጁት ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞች ናቸው፤ ስለ ካምብሬ ሲወራ እምብዛም አይነሱም። አንድ ታንክ መሸከም የሚችለው አንድ እስር ብቻ ነው፤ አንዴ ከጣለው ደግሞ መልሶ አያነሳውም። ስለዚህ ታንኮቹ በሦስት በሦስት ተመደቡ። አንደኛው ሽቦውን ይደፈጥጥና ምሽጉን ሳይሻገር ታጥፎ ይተኩሳል፤ ሁለተኛው እስሩን ጥሎ ይሻገራል፤ ሦስተኛው በዚያው ተሻግሮ የራሱን ለሁለተኛው ምሽግ ይጠቀማል። የፊተኛው እስሩን እንደያዘ ለሦስተኛው ይደርሳል። እግረኛው ይህን ከታንከኞቹ ጋር ለቀናት ተለማምዷል።

የኮሩ አዛዥ ሂው ኤሊስ “ሂልዳ” በተባለች ታንክ ተሳፍሮ ከፊት ወጣ። ታንኳ ላይ የተሰቀለው ባንዲራ ቡናማ፣ ቀይና አረንጓዴ ነበር። ትርጉሙ በጭቃ፣ በደም አልፎ ወደ ለምለም ሜዳ መድረስ ነው ተባለ። የክፍሉ የመጀመሪያ ቀለም ጭቃ መሆኑን ልብ ይሏል።

በአንድ ቀን በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ተገፋ። በኢፕር ተመሳሳዩን ርቀት ለመሄድ ከሦስት ወር በላይ ፈጅቷል። በእንግሊዝ አገር የቤተ ክርስቲያን ደወሎች ለድሉ ተደወሉ።

ደወሉ ፈጠነ። በመጀመሪያው ቀን ማብቂያ 179 ታንኮች ከሥራ ውጭ ነበሩ፦ 65 በመድፍ ተመትተው፣ 71 ተበላሽተው፣ 43 ደግሞ ዛሬም ጉድጓድ ውስጥ ተቀርቅረው። የተከፈተውን በር የሚገፋ በቂ ተጠባባቂ ጦር አልነበረም፤ ኢፕር በልቶታል። ኖቬምበር 30 ጀርመኖች በመልሶ ማጥቃት ያጡትን አብዛኛውን ቦታ አስመለሱ።

በጀርመን በኩል የነበረው ትምህርትም የሚነሳ ነው። በ1917 ጸደይ ቡልኩር ላይ ታንክ ማርከው መርምረዋል፤ የብረት መብሻ ጥይታቸው እንደሚበሳውም አይተዋል። በኢፕር ደግሞ በየጉድጓዱ የቀሩትን አዩ። ታንክ ብዙ የሚያሰጋ ነገር አይደለም የሚለው ግምታቸው ጸና። የሰመጡት ታንኮች ስለ ኢፕር መሬት የሚናገሩትን እነሱ ስለ ታንክ እንደተነገረ ወሰዱት። የራሳቸው “ኤ7ቪ” ታንክ በጦርነቱ ሁሉ የተሠራው 20 ብቻ ነው፤ እሱም ሆዱ ዝቅ ያለ በመሆኑ በተቆፈረ መሬት ላይ በቀላሉ ይያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 መጸው ወደ ሞስኮ ሲገሰግሱ የሩሲያ መንገድ ጭቃ ሲሆን፣ የእነሱ ታንኮች ቀጭን ሰንሰለት ሲሰምጥ ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ሰንሰለት የሚሄደው ቲ-34 ያልፋቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የሠሩት “ፓንተር” 66 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰንሰለት ተገጠመለት። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ደግሞ ወደ ዩክሬን የገቡ የሩሲያ ዓምዶች ከአስፋልት መውጣት አቅቷቸው በመንገድ ላይ ሲደረደሩ፣ የወጡት ታንኮችም እስከ ጣሪያቸው ጭቃ ውስጥ ተጥለው ሲቀሩ ዓለም በስልኩ ተመለከተ። የቲ-34 አገር ልጆች ናቸው።

ካምብሬ አጠገብ ፍሌስኪዬር በምትባል መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ የአካባቢው ሰው ለዓመታት ሲፈልገው የነበረ ማርክ 4 ታንክ ከመሬት ሥር ተቆፍሮ ወጣ። “ዲቦራ” ይባላል። ኖቬምበር 20 ቀን 1917 በመድፍ ተመትቶ አምስት ሠራተኞቹ ሞተውበታል፤ በኋላም ጉድጓድ ውስጥ ተገፍቶ አፈር ለብሶ 80 ዓመት ቆየ። ዛሬ በመንደሩ በተሠራለት ሙዚየም ውስጥ፣ አምስቱ ወጣቶች ከተቀበሩበት መካነ መቃብር አጠገብ ቆሟል።