ሰጪና ተቀባይ፦ ባለሀብቱና መንግሥት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ስለ ባለሀብትና ስለ ዴሞክራሲ የሚጽፉ ምሁሮቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከባሕር ማዶ ከተቀዳ ሥዕል ነው። ሀብታሙ ገንዘቡን ይዞ ይመጣል፣ ፓርቲ ይደግፋል፣ በመጨረሻም ሕግ ያስወጣል። ይህ ለአሜሪካ ይሠራ ይሆናል። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ በእንጦጦ በኩል በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ሰው የሚያየው ታሪክ ግን ሌላ ነው። በእነዚህ ከተሞች ባለሀብቱን የፈጠረው ራሱ መንግሥት ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ ነበር ማለት አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ሲፈቅድ፣ ዕጩው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው እንዲሆን አስገድዶ ነበር። በዚያ ዘመን ንብረት ማለት ደግሞ በዋናነት መሬት ነው። በዚህ የተነሣ መንግሥት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው የባለመሬትና የጢሰኛ ግንኙነት ረቂቅ ሕግ፣ ባለመሬቶች በሞሉበት ፓርላማ ሲጓተት ቆይቶ ሳይጸድቅ ሥርዓቱ ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ያቀረቡት ረቂቅ መሆኑን ልብ ይሏል። ባለሀብት ሕግን አስሮ የያዘበትን ምሳሌ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም፤ ዋጋውንም ከሁሉ በፊት የከፈሉት ባለመሬቶቹ ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን ሁሉ ወረሰ። ፋብሪካም አልቀረም፤ የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በመንግሥት እጅ ገብቶ እስከ ጥር 2004 ዓ.ም. ቆይቶ ነው ለእንግሊዙ ዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው።

ኢሕአዴግ ከደርግ የወረሰውን ይህን ቁልፍ አልመለሰውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ደነገገ። ምርጫ 97 ያስነሣው ማዕበል ሳይበርድ፣ በሐምሌ 1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 455 ወጣ። አዋጁ ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የሚናገር ቢሆንም፣ የተሻለ ልማት ያመጣል ተብሎ የታመነበትን የግል ባለሀብትም ከተጠቃሚዎቹ መካከል ያስገባል። የሚነሣው ገበሬ ካሳ የሚሰላው ባለፉት አምስት ዓመታት ባገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ ሲሆን፣ ይህም በ10 ይባዛል። ያ መሬት በሊዝ ጨረታ ስንት እንደሚያወጣ ከስሌቱ ውስጥ አይገባም። ካሳው አነሰኝ ብሎ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ይግባኙ የሚሰማው አቤት ባዩ መሬቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ማስረጃ ሲያያይዝ ነው። መጀመሪያ ልቀቅ፣ ከዚያ ተሟገት እንደማለት ነው። ለመሆኑ ባለሀብቱ ከዚህ ወዲያ ፓርላማ ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው ሁሉ በከተማው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይገኛል።

ሁለተኛው ቁልፍ ብድር ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ካበደሩት እያንዳንዱ ብር 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ቦንድ እንዲገዙ ተገደዱ። ይህ መመሪያ እስከ 2012 ዓ.ም. ጸንቶ ኖሯል። ገንዘቡ የሚሄደው በዋነኛነት ለልማት ባንክ ነው፤ ልማት ባንክም መንግሥት ቅድሚያ ለሰጣቸው ኢንቨስተሮች ያበድራል። በሌላ አነጋገር በመርካቶ ነጋዴ ቁጠባ ላይ ሌላ ሰው ፋብሪካ ይሠራበታል። በ2002 ዓ.ም. በሰበታ፣ ዓለም ገና የተመረቀው የቱርኩ አይካ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የዚህ ፖሊሲ ጌጥ ተደርጎ ይጠቀስ ነበር፤ ኋላ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በአበዳሪው ባንክ እጅ ወደቀ። (በኮሪያ ዘመን ፓርክ ቹንግ ሂም ለባለሀብቶች ብድር የሚያድለው መንግሥት ነበር ይባላል። እውነት ነው። እዚያ ግን ወደ ውጭ ያልላከ ብድሩን ያጣ ነበር።) በዚህ ላይ የገዢው ግንባር ፓርቲዎች እንደ ትእምት፣ ጥረትና ዲንሾ ያሉ የንግድ ድርጅቶች እንደነበሯቸው ሲታሰብ፣ ነጋዴውንና መንግሥትን የሚለየው ድንበር የቱ ጋ እንደነበር ማሳየት አስቸጋሪ ነው።

በግንቦት 2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች አሸነፉ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን ላይ ገና በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአምቦና በዩኒቨርሲቲዎች ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ይህን ተቃውሞ የሚናገር አንድም ተቃዋሚ እንደራሴ በፓርላማው አልነበረም። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ዳግመኛ ተቀሰቀሰ። ኦሕዴድ ዕቅዱን ጥር 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ሰረዘ፤ ቅሬታው ግን ከዕቅዱ ይሰፋ ስለነበር አልቆመም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ የደረሰው እልቂት ከተሰማ በኋላ ባሉት ቀናት በሰበታ ፋብሪካዎች ነደዱ፤ ከእነዚህ አንዱ ሳይጊን ዲማ የተባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። በዚያው ወር ማብቂያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ቃጠሎውን ማንም ጤነኛ ሰው አይደግፍም፤ በፋብሪካዎቹ እንጀራቸውን ይበሉ የነበሩት የአካባቢው ወጣቶች ጭምር ነበሩና። ሆኖም የቁጣው አቅጣጫ ድንገተኛ አልነበረም። ገበሬው መሬቱን የወሰደበትን ባለሥልጣንና አጥሩን ያጠረበትን ባለሀብት ለይቶ የሚያይበት ምክንያት ማንም አልሰጠውም።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 የ455ን ቦታ ተካ፤ የካሳውን ማባዣ ወደ 15 ከፍ አደረገ፤ ባለይዞታው መሬቱን ራሱ ለማልማት ቅድሚያ እንዲኖረውም ፈቀደ። ለቡራዩና ለሱሉልታ ግን ዘግይቷል። እዚያ ብዙ ገበሬ ካሳ ከመጠበቅ ይልቅ ማሳውን እየቆራረሰ ቤት ለሚሻ የከተማ ድሃ በእጅ ውል ሸጦ ነበር፤ ከመንግሥት ካሳ የተሻለ ዋጋ ያገኘው ከዚያ ነበርና። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱ ከተሞች ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ በእነዚህ ማሳዎች ላይ የተሠሩ ቤቶች በብዛት ፈረሱ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ፈረሳውን ተችቶ መግለጫ አውጥቷል። በእጅ ውል ለገዙት ሰዎች ሕጉ ካሳ የሚከፍልበት አንቀጽ አልነበረውም።